የምራት ቃል አይቆጠርም

በገዛ ቋንቋዬ ወተት ምን እንደሚባል ተጠይቄ ወደቅሁ።

ፈተናው ካይሮ ውስጥ ነበር፣ የስደተኞችን ጉዳይ በሚያይ ቢሮ። የፈተነችኝ አንዲት ግብጻዊት ወጣት ናት፤ የምታርመኝም ከመጽሐፍ ላይ እያየች ነበር። እኔ ወተት ጠጥቼ ያደግሁ ነኝ። ላም አልቤአለሁ፣ ንጬ ቅቤ አውጥቻለሁ፣ ለጨቅላ ሕፃን አሙቄ በጣቴ አቅምሻለሁ። አፌን የፈታሁትም በዚያው ቋንቋ ነው። እንዲያም ሆኖ «አታውቅም» ተብሎ ተጻፈብኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ያኔ መናገር አልቻልኩም። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ቋንቋዬን በስሙ አልጠራውም። ከሐዋሳ ወዲያ፣ እንሰት በሚበላበት አገር የሚነገር ነው ማለት ይበቃል። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ክፉ ሰዎችም አይደሉም፤ ማንነታቸውን ማንሣት አልፈልግም። የምወቅሳቸው በሠሩት ሳይሆን በተዉት ነው።

መጀመሪያ ልማዱን ላስረዳ። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ይህን ሌላም ሕዝብ ያደርገዋል። የእኛ ግን በስሙ ብቻ አያበቃም። ስሙ የሚጀምርበትን ድምፅ ይዞ የሚነሳ ቃል ሁሉ ከአፏ ይጠፋል። አማርኛ ተናጋሪ እንዲገባው እንዲህ ልበል፤ የባልሽ አባት ስም በ«ወን» የሚጀምር ቢሆን ወንዝ አትዪም፣ ወንበር አትዪም፣ ወንድም አትዪም፣ ወንፊትም አትዪም። ወንዙን «የሚወርደው» ትዪዋለሽ፣ ወንበሩን «መቀመጫ»፣ ወንድምሽን «የእናቴ ልጅ»፣ ወንፊቱን «መንፊያ»። ይህን አነጋገር ባሊሻ እንለዋለን። አንዳንዱ ቃል እንዲህ የሚፈጠር ነው። አንዳንዱ ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ ሴት ሁሉ የምታውቀው፣ ከሌላው ቃል ጋር ምንም የማይመሳሰል ራሱን የቻለ ቃል ነው። ወተት እንደዚያ ነው። ሁለት ስም አለው፤ አንዱን ሁሉም ይለዋል፣ አንዱን ደግሞ ያንን ማለት የተከለከለች ሴት ትለዋለች። ሰሚው ግን ሁለቱንም ያውቃል። ሕፃን ልጅ እንኳን ያውቃል፤ እናቱ የምትሰጠው በዚያ ስም ጠርታ ነዋ።

የባሌ አባት ስም የሚጀምርበት ድምፅ በቋንቋችን ወተትን፣ ሌሊትን፣ ግንባርን፣ ጉምን፣ መርፌንና ሌላም ብዙ ነገር ይጀምራል። የአማቴ ስምም የሚነሳው በዚያው ስለሆነ የምሸሸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም እዚህ አልጽፈውም።

ባሊሻን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም። ወላጅ እናቴ ለአማቶቿ ስትናገር ስሰማ አድጌአለሁና ጆሮዬ ያውቀው ነበር፤ አፌ ግን የተማረው ካገባሁ በኋላ በባሌ እህቶች ፌዝ ነው። ሲያጠምዱኝ ይውሉ ነበር።

«ምራታችን፣» ትለኛለች ታናሺቱ የታለበበትን ቅል ከፍ አድርጋ፣ «እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

የሴቶቹን ቃል እነግራታለሁ።

«ዝናብ ሲያባራ ጋራው ላይ የሚተኛውስ?»

«የጋራው ጋቢ» እላታለሁ።

«ልብስሽ ሲቀደድ የምትፈልጊውስ?»

«ባለ አንድ ዓይኗን።»

ይንከተከታሉ። አማቴ ከጓዳ ሆና፣ «ተዉአት እናንተ! ነገ ስታገቡ የእናንተ ምላስ ሲተሳሰር እናያለን» ትላቸዋለች። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ፈገግ እላለሁ። ዓይን አፋር ነኝ፤ በዚያ ጨዋታ ግን አንድም ቀን ተሸንፌ አላውቅም። የባሌ አባት ከደጅ ተቀምጠው የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ለጎረቤት፣ «ይቺ ልጅ ስሜን አጥባ አስቀምጣዋለች» ሲሉ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ንግግሬ የተመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ፤ መጻፍ የፈለግሁት እሱን አይደለምና። የባሌ አባት በአንድ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ተይዘው ታስረው፣ ታመው ተፈትተው ሞቱ። ቀጥሎ ባሌ ተወሰደ። ስለ እኔም ሰው መጥቶ ጠየቀ። በሱዳን አድርጌ ካይሮ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር ዘጠና አምስት ላይ ነው። አርድ ኤል ሊዋ በሚባል ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ፣ ቀን ቀን የሰው ቤት እያጸዳሁ መኖር ጀመርኩ። የቤቱ ታላቅ ሁላችንም እትዬ የምንላት የአዲስ አበባ ሴት ነበረች። ጥገኝነት ለመጠየቅ ወደዚያ ቢሮ የወሰደችኝም፣ የምሄድበትን ማይክሮባስ ያስጠናችኝም እሷ ናት። «ሲጠይቁሽ ጮክ ብለሽ መልሺ» አለችኝ። «እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው ዋሽቷል ነው የሚሉት።»

ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝ ወጣት ፊቷ ደግ ነበር። እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው አስተርጓሚ ደግሞ እንደ እኛው ስደተኛ የሆነ፣ ሸሚዙን እስከ ላይ የቆለፈ የአዲስ አበባ ሰው ነው። በቋንቋዬ የሚያስተረጉም ሰው አላቸው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። አማርኛ እችላለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ ከዚያ መንግሥት ሲለወጥ በቋንቋችን፣ በላቲን ፊደል እንድንማር ተደረገ። ለካ አማርኛ መቻሌም ጥፋት ኖሯል።

«የባልሽ ሙሉ ስም?» አለኝ አስተርጓሚው።

የባሌን ስም ተናገርኩ።

«ከነአባቱ።»

ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ።

«እህቴ፣ ከነአባቱ።»

«አባታቸው ሞተዋል።»

«መሞታቸውን አልጠየቅሁሽም። ማን ይባላሉ?»

«እኔ አልጠራቸውም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ እኛ አልተጣላንም!»

ሳቀና ለሴትየዋ በእንግሊዝኛ ነገራት። እሷ አልሳቀችም፤ ጻፈች። ቀጥሎ ሁለቱ ተነጋገሩ፤ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አማርኛሽ እንዲህ ጥርት ያለ ነው፤ እውነት የዚያ አገር ልጅ ነሽ?» አለኝ። ከዚያ አገር ነኝ እያለ የሚመጣ ሌላ ሰው ብዙ ነው አለኝ። ነኝ አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ያን ጊዜ ሴትየዋ ከመሳቢያዋ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች።

ገና ሽፋኑን ሳየው ደስ አለኝ! ያንን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ጠረጴዛው ላይ ነበረው፤ በአንድ በኩል የእኛ ቃል፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛ። ቋንቋችን መጽሐፍ አለው ብለን በተራ እየሄድን ነክተነዋል። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ሰው እጅ ሳገኘው ዘመድ የመጣልኝ መሰለኝ።

ሴትየዋ መሐሉ ላይ ገለጠችውና ጣቷን ከገጹ አናት አስቀመጠች። ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት። ከላይ ጥግ ላይ የተጻፈው የባሌ አባት ስም የሚጀምርበት ድምፅ ነበር።

ይህን ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። መዝገበ ቃላትና ባሊሻ ቃላትን የሚሰበስቡት በአንድ መንገድ ነው፤ ሁለቱም አነሳሳቸውን ያያሉ። መጽሐፉ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩትን ሁሉ በአንድ ገጽ ይደረድራቸዋል። ባሊሻም ያንኑ ገጽ እንዳለ ይዘጋዋል። በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ለእኔ የተዘጋው ያ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ክፍት ነበር። እሷ የከፈተችው ያንን ነው፤ ከዚያም ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየሳበች፣ የእንግሊዝኛውን ፍቺ እያነበበች፣ አስተርጓሚው በአማርኛ እየነገረኝ ወረደች።

«ወተት።»

የሴቶቹን ቃል ተናገርኩ። ገጹን አየችና አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ሌሊት።»

መለስኩ። ነቀነቀች።

«ጉም። ግንባር። መርፌ።»

ሁሉንም መለስኩ። አንዱንም አልዘለልኩም። ለእያንዳንዱ ቃል አለኝ፤ የትኛዋም የአገሬ ሴት ሰምታ የምትረዳው፣ የባሌ እህቶች ቢሰሙ ጎበዝ የሚሉኝ። ሴትየዋ በመጨረሻ ሳታየኝ ነበር ራሷን የምትነቀንቀው።

«እህቴ፣» አለኝ አስተርጓሚው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ እንኳን?»

«ትክክል ነኝ።»

«መጽሐፉ አይደለሽም ይላል።»

ለምን አላስረዳሽም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አስረዱኝ እስኪ፣ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው? የምሸሸው ድምፅ የትኛው ነው ቢሉኝ ድምፁን ማሰማት አለብኝ። የደበቅሁትን ሰው ስም ለፖሊስ እንደምሰጥ ያህል ቃሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አለብኝ። እሱ ቢቀር፣ እንዲህ ያለ ልማድ አለን ብዬ በጥቅሉ መናገር እችል ነበር፤ ግን ሁለት የተማሩ ሰዎች መጽሐፍ ከፍተው አልተገናኘም ሲሉኝ፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት መጽሐፉ ጎድሎታል ልበል? አገሬ እያለሁ የሚፈትኑኝ ቃሉን ባለማለቴ ያሳልፉኝ ነበር። እዚህ በዚያው ምክንያት ጣሉኝ።

መልሱ ሲመጣ ፋይሌ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ አካባቢ መሆኗ አልታመነም፣ ቋንቋውን አታውቅም፣ የባሏን አባት ስም እንኳን መናገር አልቻለችም ይላል። ይግባኝ ማለት ይቻላል ተብሏል። ይግባኙ ካልተሳካ ካይሮ ውስጥ ወረቀት የሌለኝ፣ ፖሊስ በያዘኝ ቀን ወደ አገሬ የምመለስ ሰው ልሆን ነው።

እትዬ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ቀጥሎ አበደችብኝ።

«ለአንድ ስም? ለአንድ ስም ብለሽ ነው ፋይል ያዘጋሽው? ኸላስ፣ በቃ ጥሪውና ተገላገዪ!»

«አይቻልም፣ እትዬ።»

«ሰውየው ሞተዋል አላልሽኝም?»

«ሞተዋል።»

«ታዲያ ማን ይሰማሻል? እኔ እዚህ አገር ስንቱን ጠርቻለሁ! ያቺን ማዳሜን ጠዋት ማታ 'ሐቢብቲ፣ ውዴ' እላት የለ? እሷን ሐቢብቲ ማለት የቻለ አፍ የአንቺን አማት መጥራት ያቅተዋል? ኃጢአት ከሆነ እሑድ ኦልድ ካይሮ ቤተ ክርስቲያን እወስድሽና ንስሐ ትገቢያለሽ።»

ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ኃጢአት እንዳልሆነ ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ማንም አይቀጣኝም። ፈርቼም አይደለም። እኒያ ሰው ለእስር የበቁት በተናገሩት ነው፤ በሬሳቸው ላይ የሚገባቸውን ክብር ያገኙት ከጥቂት ሰው ነው። እኔ ልሰጣቸው የምችለው ያንን ብቻ ነበር። ስማቸውን አጥቤ ማስቀመጥ። ለቢሮ ብዬ ባወጣው ለምን ይዤው ተሰደድኩ?

እትዬ ስቃ ስትጨርስ አሰበችልኝ። ሐዳይቅ አል-መዓዲ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የአገሬ ሰው እንዳሉ አጠያይቃ አገኘች፤ አስተማሪ የነበሩ፣ በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ፣ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰው ናቸው። ዓርብ ቀን በሜትሮ ሄድኩ። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ በቋንቋችን ሲቀበሉኝ ዕንባዬ መጣ። ካይሮ ከገባሁ ቋንቋዬን ከሰው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን ይዛ ታሪኬን አዳመጠች። ጋሼ ግን መጽሐፉ ላይ ስደርስ ፈገግ ብለው ተነሡና ከመደርደሪያቸው ያንኑ መጽሐፍ አወጡ። ዋናውን፣ ፎቶ ኮፒ ያልሆነውን።

«ይህንን ስንሠራ እኔ ነበርኩበት» አሉኝ። «በእግራችን ነው የዞርነው። ሽማግሌ ያለበት ሰፈር ሁሉ ገብተን ቃል ለቅመናል። ያኔ 'ይህ ደግሞ ቋንቋ ነው?' ይሉን ነበር። ይኸው ዛሬ ካይሮ ድረስ መጥቶ ይመሰክራል።»

«በእኔ ላይ ነው የመሰከረው፣ ጋሼ።»

ይህን ያልኩት በጣም ቀስ ብዬ ስለሆነ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ወተት የሚለውን የሴቶች ቃል ነግሬአቸው፣ ይህ ለምን መጽሐፉ ውስጥ የለም አልኳቸው።

«እሱማ ባሊሻ ነው።»

«አዎ።»

«ባሊሻ ቋንቋ አይደለም፤ ልማድ ነው። እኔ ራሴ እናቴን ጠይቄአት ነበር እኮ! ቃል ስጪኝ ስላት የምትሰጠኝ ሁሉ የተጣመመ ነው። ይህንን ስላት ሌላ፣ ያንን ስላት ሌላ። በመጨረሻ ተውኳት፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። መዝገበ ቃላት ትክክለኛውን ነው የሚይዘው።»

እናታቸውን ጠይቀው ትተዋት ሄዱ። ስለ ራሳቸው እናት ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። እሷ ደግሞ ምን ብላ ይሆን? ልጇ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጥቶ ቃል ስጪኝ ሲላት፣ ያላትን ሁሉ፣ ያጠራችውን ሁሉ ስታወጣለት፣ «ተይው» ሲላት ምን ተሰምቷት ይሆን?

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ሻይ ይዛ መጣች። ስኳሩ ጋሼ አጠገብ መስኮቱ ላይ ነበር። «እስቲ ያንን ምላስ የሚሰርቀውን አቀብለኝ» አለቻቸው በቋንቋችን። የእሷ አማት ስም በምን እንደሚጀምር ወዲያው ገባኝ። ጋሼም እጃቸውን ዘርግተው ስኳሩን አቀበሏትና ንግግራቸውን ቀጠሉ። ባሊሻ ኋላ ቀር ነገር ነው፣ የተማሩት ልጆች እየተዉት ነው፣ ሌላው ዓለም ቢሰማ ምን ይለናል አሉ። ስኳሩን ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው አልሰሙም፤ ወይም በጣም ስለሰሙት አላስተዋሉትም። ባለቤታቸው ብርጭቆዬ ውስጥ ስኳር እየጨመረች ዓይኗን ጠቀስ አደረገችብኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚህ ቃል ሲበሉና ሲጠጡ፣ ሲጠሩና ሲስተናገዱ ኖረው፣ ቋንቋ አይደለም ይሉኛል!

ሆኖም ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። ለይግባኙ ራሳቸው መጥተው ሊያስተረጉሙልኝ ቃል ገቡ። ሲሸኙኝ በር ላይ፣ «ያን ቀን ብቻ ትክክለኛውን ቃል በይላቸው» አሉኝ። «እኔ አልሰማሁም፤ ማንም አልሰማም።»

«ጋሼ፣ እኔ እሰማለሁ» አልኩ። ይህንንም የሰሙኝ አይመስለኝም።

የይግባኙ ቀን የተቀበለን ሌላ ሰው ነው፤ ጠና ያለ ፈረንጅ። የበፊቱ ወረቀት ፊቱ ነበር። ጋሼ ከራሴ ቋንቋ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ሊያስተረጉሙ ተፈቀደላቸው። ሰውየው በፊት የወደቅኩባቸውን ቃላት ከወረቀቱ ላይ አነበበ። የመጀመሪያው ወተት ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ እንግዲህ» የሚል ዓይን ነበር።

የምለውን ማታ ማታ ጋደም ብዬ ሳጠናው ሰንብቻለሁ። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ እንደተከልኩ በቋንቋችን ተናገርኩ፤ ሳላቋርጥ ይህን ያህል የተናገርኩት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዲህ አልኩ፦ «ቃሉን አውቀዋለሁ። የባሌ አባት ስም የሚጀምርበት ድምፅ ስለሆነ አልለውም። በአገሬ ያገባች ሴት ሁሉ እንዲህ ናት። በምትኩ የምንለውን ነግሬአቸው ነበር፤ እሱም ቃል ነው፤ እርስዎም፣ ጋሼ፣ ያውቁታል። እሳቸው መጽሐፉን ያምጡና ከዚያ ገጽ በቀር የፈለጉትን ገጽ ይግለጡ። ሁሉንም እመልሳለሁ።»

ጋሼ ወደ ሰውየው ዞሩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። አጭር ነበር። እኔ ያን ሁሉ ብዬ የእሳቸው አጭር ነበር። የማጸዳው የፈረንጆች ቤት ነው፤ እንግሊዝኛ ባልናገርም የማውቃቸው ቃላት አሉ። «ሻይ» የሚለውን ሰማሁ፤ ማዳሜ ለእንግዶቿ ስለ እኔ የምትለው ነው፤ ዓይን አፋር ማለት ነው። «ፕራይመሪ ስኩል» የሚለውን ሰማሁ። «ዲፊከልት» የሚለውን ሰማሁ። አማት የሚል ነገር፣ ልማድ የሚል ነገር አልሰማሁም።

ፈረንጁ በርኅራኄ አየኝና ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ። መጽሐፉን አስመጥቶ ሌላ ገጽ ገለጠ። መለስኩ። ሌላ ገለጠ፤ መለስኩ። ወደ መጨረሻው ሄደ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ መጽሐፉ ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ገጹ ስለ አንድ ቅጠል ከሚለው ጨምሬ ለምን እንደሚጠቅም ነገርኩት፤ ጋሼ ያንን አስተረጎሙት። ሰውየው ሳቀ፤ በእንግሊዝኛ «ጉድ»፣ ጥሩ፣ አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያለፍኩ መሆኔ ይታየኛል፤ ምን ተብዬ እንዳለፍኩም ይታየኛል።

ደረጃውን ስንወርድ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩልኝም?»

«ምኑን?»

«ያልኩትን።»

«ኸላስ፣ አለፍሽ እኮ! የሰውየውን ፊት አላየሽም?»

«ከባድ ሆነባት አሉት። ትምህርቷ ትንሽ ነው አሉት።»

እንግሊዝኛውን መስማቴ ደነቃቸው። ትንሽ አፈሩ፤ ቀጥሎ ተቆጡ።

«ያዕኒ፣ ማለት፣ ለፈረንጅ ስለ ምራትና አማት ቁጭ ብዬ ላስረዳ? የሴቶቻቸውን አፍ የሚለጉሙ ሕዝቦች ናቸው ይበል? እኔ ይህ ቋንቋ እንዲከበር የታሰርኩ ሰው ነኝ!»

«አፌ አልተለጎመም» አልኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ታላቅን ሰው እንዲያ አይቼ አላውቅም። «ተናግሬ ነበር። እርስዎ ነዎት ያስቀሩት። እናትዎንም እንዲሁ።»

እናታቸውን ማንሣቴ ከበዳቸው። በዐረብኛ «ማሌሽ»፣ ይቅርታ፣ አሉ፤ አንዴ፣ ቀጥለውም ሌላ ጊዜ። ካይሮ ውስጥ ሜትሮ ላይ እግርህን የሚረግጥህም ማሌሽ ይልሃል፤ ሕይወትህን የሚያበላሽብህም ማሌሽ ይልሃል። በእኛ ቋንቋ ለሁለቱ አንድ ቃል የለንም። ወደ ጣቢያው ለብቻዬ ሄድኩ።

ፋይሌ ተከፈተ። የስደተኛ ካርዴን አገኘሁ፤ እትዬ ዘፈነች፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ውሳኔውን እንግሊዝኛ የምትችል ጓደኛዋ አነበበችልኝ። አመልካቿ ከተባለው አካባቢ መሆኗ ታምኗል ይላል። ከሥሩ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ዕውቀት ከትምህርቷ ማነስ የተነሣ የተወሰነ ነው ይላል። እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ። ሴቶቹ፣ «ታዲያ ምን አለበት? አለፍሽ አይደል?» አሉኝ። እልል እያሉ ሳለ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው ብለው ተዉኝ።

የተወሰነ! አንድን ነገር በሁለት ስም የማውቅ ሰው ነኝ። መጽሐፉ ያለውን አውቃለሁ፤ የሌለውንም አውቃለሁ። ጎደለ ከተባለ የጎደለው መጽሐፉ ነው፤ የተጻፈው ግን በእኔ ላይ ነው። እኔ የማልለውን ቃል የያዘ ገጽ አላቸው፤ የምለውን የያዘ አንድም መስመር የላቸውም። ነገ ሌላዋ ምራት ትመጣለች፤ የእሷ አማት ስም በሌላ ድምፅ ይጀምራል፤ ያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ ይከፈትባታል። እሷም ትክክል ትመልሳለች። እሷም ትወድቃለች።

ካርዱ በየጊዜው ይታደሳል። ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ፣ በተማርኳት ዐረብኛ፣ ያቺ መስመር እንድትስተካከልልኝ እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ስጠይቅ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ የሰማኝ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ። አሁን ጮክ ብዬ ነው የምጠይቀው። «ቋንቋዬን አውቃለሁ። ዕውቀቷ የተወሰነ ነው የሚለው ስሕተት ነው። ፋይሌ ውስጥ ጻፍልኝ።»

«ያ ሲቲ፣ እመቤት፣ ካርድሽን አግኝተሽ የለም?» ይለኛል። «ይህ ምን ጎዳሽ?»

ምን እንደጎዳኝ መናገር እጀምራለሁ። ሳልጨርስ ቀጣዩን ይጠራል። ከመስኮቱ ፈቀቅ አልልም።